ደጅ ጠኚው ሳጅን

ሰባት ዓመት ሲሆነኝ፣ አንድ ነጭ ፖሊስ አክስቴን ኖማካያን ሊያገባት ደጅ ይጠናል ብዬ አምን ነበር። ማመን ብቻ አይደለም፤ አዝንለትም ነበር። ዛሬ ይህን ስናገር የልጅ ልጆቼ ሆዳቸውን ይዘው ይስቃሉ። ይሳቁ። እኔ ያየሁትን ቢያዩ ኖሮ እነሱም ከዚህ የተለየ አያስቡም ነበር።

ጥፋቱ የጎረቤታችን የማድሎሞ ነው። ማድሎሞ ለከተማው ነጮች ልብስ የምታጥብ፣ ሳቋ ከቦኖው እስከ ቤተ ክርስቲያኑ የሚሰማ ሴት ነበረች። በዚያ ክረምት ትልቋን ልጇን ሊጠይቁ ሦስት ሽማግሌዎች መጡ። ኮትና ባርኔጣ አድርገው ከአጥሩ በር ውጭ ተደረደሩና የጎሳቸውን ስም ጠርተው፣ "ዝምድና ፍለጋ መጣን!" አሉ። ከቤት ማንም አልወጣም። ካፊያ መጣል ጀመረ። ሽማግሌዎቹ ንቅንቅ አላሉም። የማድሎሞ መጋረጃ ግን ይነቃነቃል፤ ከውስጥም የታፈነ ሳቅ ይሰማል።

"ማኩሉ፣ ለምንድን ነው የማይከፍቱላቸው?" አልኳት አያቴን።

አያቴ አጥራችን ላይ ተደግፋ በደስታ ነበር የምታያቸው። "ልጃገረድ ያለችበት በር በመጀመሪያው ጥሪ አይከፈትም" አለችኝ። "ዝም ይባላሉ። አይታዩም። እንደሌሉ ይቆጠራሉ። ቆሞ የጸና፣ እሱ ባል ይሆናል።"

ትምህርቱ ገባኝ። ከሚገባው በላይ ገባኝ።

ምክንያቱም በእኛም በር ላይ የቆመ ሰው ነበር፤ ያውም ከዓመት በላይ። ሳጅን ቴሮን ይባላል። ክሬም ቀለም ያላትን ቮልሱን ከአጥራችን ፊት ለፊት አቁሞ ከጠዋት እስከ ማታ ይቀመጣል። ፀሐይ ይመታዋል፣ አቧራ ይጠጣል፣ አይሄድም። አያቴም ስለ ማድሎሞ ሽማግሌዎች ያለችውን ሁሉ ስለ እሱም ትላለች። "አትዩት። እንደሌለ ቁጠሩት። ይቁም።"

ሌላም ማስረጃ ነበረኝ። ሰውየው አክስቴን ሳያያት መዋል አይችልም። በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ በሩን ያንኳኳል። "ኖማካያ አለች?" ይላል። ፊቷን አይቶ ይመለሳል። ከመኪናው ውስጥ ሆኖ ፎቶዋን ያነሳል። የሚጠይቋትን ወንዶች ስም ይጽፋል። አንድ ቀን እንዲያውም ቤት ገብቶ ቁም ሳጥኗን ከፈተና ልብሶቿን አንድ በአንድ እያነሳ አየ። አያቴ "ዓይን አውጣ!" ብላ ፊቷን አዞረች። እኔ ግን ለጥሎሽ ቀሚስ ሊገዛላት ልኳን ማወቁ ነው ብዬ ደስ አለኝ።

ቅናቱስ! አክስቴን አንድ እንግዳ ሲጠይቃት ይታገሳል። ሁለት ከሆኑ ግን ከመኪናው ዘሎ ይወርዳል። ስለዚህ እንግዶች ተራ ይጠብቁ ነበር። አንዱ ከእሷ ጋር በጓሮ ማድቤት ተቀምጦ ሲያወራ፣ ሌላው ግድግዳውን ተደግፎ ይቆማል። ቄሱ ሳይቀሩ መጽሐፍ ቅዱሳቸውን በብብታቸው ይዘው ከውጭ ሲንቆራጠጡ አይቻለሁ። "እንዲህ ያለ ቀናተኛ ባል ያስቸግራታል" ብዬ በልቤ አስብ ነበር።

ትልልቆቹ የሚያውቁትን እኔ ያወቅሁት ዓመታት ካለፉ በኋላ ነው። የከተማው ፖስታ ቤት ሁለት በር ነበረው፤ የፊተኛው ለነጮች፣ የኋለኛው ለእኛ። የእኛው ብዙ ጊዜ ዝግ ነው። አክስቴ ያን ጊዜ አስተማሪ ነበረች። የሰፈሩን ሴቶች ሰብስባ በነጮቹ በር አስገባቻቸው። አልጮኹም፣ አልተሳደቡም። የእሑድ ልብሳቸውን ለብሰው ተሰለፉና እያንዳንዷ፣ "ደህና አደሩ ጌታዬ፤ አንዲት ቴምብር ይስጡኝ" አለች። አንዷን ፖሊስ እየጎተተ ሲያወጣ ቀጣይዋ ተራዋን ይዛ "ደህና አደሩ ጌታዬ" ትላለች። የታሰሩት ሲፈቱ ተመልሰው ከሰልፉ መጨረሻ ይቆማሉ። በማግስቱም እንዲሁ፣ በሚቀጥለው ሳምንትም እንዲሁ። መንግሥት በመጨረሻ ፖስታ ቤቱን መዝጋት ስላልቻለ አክስቴን ዘጋት።

የተዘጋችው በእገዳ ትእዛዝ ነው። ለአምስት ዓመት ከጥቁሮቹ ሰፈር አትወጣም፤ አታስተምርም። ከቤተሰቧ ውጭ ከአንድ ሰው በላይ ባለበት አትገኝም፤ ብትገኝ እስር ቤት ትገባለች። ከአፏ የወጣውን ቃል ጋዜጣ ቢያትመው ያተመውም ይታሰራል። ሳጅኑ ቤታችን በር ላይ የተተከለው ሁለተኛውን ሰው ለመጠበቅ ነበር።

እኔ ግን ሁሉንም ለፍቅር ሰጠሁት።

ታናሽ አክስቴ ፈዜካ ልትታጭ ነው የተባለው በዚያው ዓመት በጋው ሲገባ ነው። ፈዜካን የወለደቻት አያቴ ብትሆንም ያሳደገቻት ኖማካያ ናት። አያቴ ከወሊዱ በኋላ ታማ ብዙ ዘመን ተኝታ ነበር፤ አያቴ ባሏን በማዕድን ጉድጓድ ያጣችውም ያኔ ነው። ኖማካያ በአስተማሪ ደሞዟ ፈዜካን ስታበላ፣ ስታለብስ፣ ነርስነት ስታስተምር እድሜዋ ሄደ። በእኛ ቤት ደግሞ ሕግ አለ። ሽማግሌዎቹ ሲጠይቁ፣ ያሳደገ ሰው ፊታቸው ቆሞ "ሰጥቻችኋለሁ" ካላለ ልጅቷ አልተሰጠችም።

ማድቤት ሲጨቃጨቁ እኔ ጠረጴዛው ሥር ነበርኩ። ጠረጴዛው ሥር ያልሆንኩበት ጊዜ ጥቂት ነው።

"ዙኪሌ ይበለው" አለች ኖማካያ፣ ድንች እየላጠች። "ወንድሟ አይደለም?"

"ዙኪሌ!" አለች አያቴ። "ዙኪሌ መቼ ነው የሽንት ጨርቋን ያጠበው?"

አጎቴ ዙኪሌ በር ላይ ቆሞ ነበር። "እኔ እንኳ ብትፈቅዱልኝ..."

"አንተ ዝም በል!"

"እማ፣ ስሚኝ" አለች ኖማካያ። "እዚያ ክፍል ሦስት ሽማግሌ ይኖራል። አንድ እግሬን ካስገባሁ ያ ሰውዬ ይዞኝ ነው የሚሄደው። ለአንዲት ቃል ብዬ ልሂድ?"

ፈዜካ የነርስ ልብሷን ሳታወልቅ ጥጉ ጋ ቆማ ታለቅስ ነበር። ኖማካያን 'ሲሲ'፣ ታላቅ እህቴ፣ ነው የምትላት። "እንግዲያው ይቅር" አለች። "ሲሲ ቆማ 'ሰጥቻችኋለሁ' ካላለች ከዚህ ቤት አልወጣም። እንደ ሰረቁት ዕቃ በጓሮ በር አልወሰድም!"

"እብድ አትሁኚ ፈዜ። የሚያገባሽ ሰው ይወድሻል።"

"ይውደደኛ! አንቺን ማን ጠየቀሽ፣ እሱን ማን ጠየቀው? እኔ ነኝ የምሰጠው!"

ኖማካያ ቢላዋውን አስቀመጠችና እጇን ግንባሯ ላይ አደረገች።

እኔ ከዚህ ሁሉ የሰማሁት አንድ ነገር ነው፤ ነጩ ሰውዬ አክስቴን ይዟት ሊሄድ ነው። ጠለፋ! እንዲህ ያለ ነውር በቤታችን ደርሶ አያውቅም። ሰውየው ደግሞ ክፉ አይመስለኝም ነበር፤ ወግ የሚነግረው ዘመድ ስለሌለው ነው እንጂ። ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት እንዲሉ፣ በማግስቱ እኔው ልነግረው ወጣሁ።

ሳጅኑ በወረቀት የተጠቀለለ ዳቦ እየበላ ነበር። ረዳቱ ኮንስታብል ማሊ፣ የራሳችን ሰፈር ጥቁር ፖሊስ፣ ፀሐዩ ላይ ቆሞ የመኪናውን ጣሪያ ተደግፏል። ከአጠገባቸው ባለው ቦኖ እነማድሎሞ ባልዲያቸውን ደርድረዋል።

"ደህና ዋሉ፣ አጎቴ" አልኩት።

ማኘኩን አቆመ። በገበሬ ቤት ከእረኞች ልጆች ጋር ያደገ ስለሆነ ቋንቋችንን ከቄሳችን አሳምሮ ይናገራል። "ማንን ነው አጎቴ የምትዪው?"

"እርስዎን። ገና አልሆኑም፤ ይሆናሉ። እንዲህ ከቀጠሉ ግን አይሆኑም።"

"እንዴት ከቀጠልኩ?"

"ብቻዎን ነዋ የሚመጡት! አጎት የለዎት? የአባትዎ ወንድም የለም? ሚስት ብቻውን ማን ይጠይቃል? ያውም በቁምጣ!"

ኮንስታብል ማሊ ሳል ያዘው።

"ሚስት?" አለ ሳጅኑ።

"አክስቴን ነዋ። አይፈሩ፣ ሁሉም ያውቃል። ዓመት ሙሉ ቆመዋል፤ አያቴ ደግሞ ቆሞ የጸና ባል ይሆናል ብላለች። ግን እንዳይጠልፏት! ጠለፋ ነውር ነው። ኮት ለብሰው፣ ሽማግሌ ይዘው፣ ያ በር ጋ ይቁሙና የጎሳዎን ስም ይጥሩ። ጎሳዎ ማን ነው?"

አፉ ተከፈተ። ከዳቦው በቀር በውስጡ ምንም አልነበረም።

"ከብትስ አለዎት? አክስቴ አስተማሪ ናት፤ በአንዲት ጊደር አትሄድም። ይቺን መኪና ደግሞ አንቀበልም፤ ጭሷ በዝቷል።"

ማሊ ጣሪያውን በሁለት እጁ ይዞ ተንፈራፈረ።

"ማሊ!"

"ይቅርታ ጌታዬ። ትን ብሎኝ ነው።"

ቦኖው ላይ ባልዲዎቹ ሞልተው ይፈስሳሉ፤ የሚዘጋው ጠፋ። ሴቶቹ ሁሉ አንገታቸውን አስግገው ደርቀዋል። ከዚያ ማድሎሞ እጇን አፏ ላይ አደረገችና እልልታዋን አቀለጠችው።

ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም ይባላል። እኔ ያቦካሁት ለሰፈሩ ሁሉ በቃ፤ ለከተማውም ተረፈ።

በእጇ ምን እንደወደቀላት መጀመሪያ የገባት ማድሎሞ ናት። ያን ጊዜ ነጭና ጥቁር መፋቀር ወንጀል ነበር። የተያዙት ይታሰራሉ፤ ያልተያዙትንም ወሬው ብቻ ከሥራ ያስወጣቸዋል። እንዲህ ያለ ወሬ የወጣበት ነጭ ፖሊስ በዚህ ከተማ ግንባሩ ላይ እንደተጻፈበት ነው። ማድሎሞ ደግሞ የጣቢያውን አዛዥ ሚስት አንሶላ የምታጥብ ሴት ናት። ሰኞ ጠዋት የታጠበውን ልብስ በጭንቅላቷ፣ ወሬውን በምላሷ ይዛ በአዛዡ ጓሮ በር ገባች። ወሬው በፊት ለፊት በር ወጥቶ ወደ ነጮቹ ቤተ ክርስቲያን ሄደ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነውና ሳጅኑ የሰማው ከሁሉም በኋላ ነው።

እኛ ሰፈር ግን ማንም አልደበቀውም። ጠዋት ቮልሷ ብቅ ስትል ከቦኖው እልልታ ይነሳል። ሽማግሌዎች ባርኔጣቸውን እያነሱ "ሙሽራው፣ ከብቶቹ የት ደረሱ?" ይሉታል። ሴቶች ውሃ ሲቀዱ የሠርግ ዘፈን ያወጣሉ። በዚያ ሙቀት መስኮቱን ዘግቶ ይቀመጣል። ወርዶ ሲቆጣ ደግሞ፣ "ኧረ ምን ዓይነት ፍቅር ነው፣ እንዴት ያቃጥለዋል!" ይላሉ። ማንን ይሰር? ዘፈን አልተከለከለም። እልልታን የሚያግድ ትእዛዝም ገና አልወጣም ነበር።

አክስቴ ማድቤት ጠራችኝ። "ሊንዴካ፣ ለሳጅኑ ምንድን ነው ያልሽው?"

አንድም ሳላስቀር ነገርኳት፤ ስለ ጊደሯም፣ ስለ ቁምጣውም። ሽርጧን አንስታ ፊቷን ሸፈነች። ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ከፍቅር ብዛት የምታለቅስ መሰለኝ።

"አታልቅሺ አክስቴ" አልኳት እጇን ይዤ። "ኮት ይገዛና ይመጣል።"

ባሰባት። አያቴ ደግሞ "ይቺ ልጅ ምላሷ ይቆረጥ!" ብላ ከጮኸች በኋላ ማንም ሳያይ ብስኩት ሰጠችኝ።

የፈዜካ ሽማግሌዎች ቅዳሜ ጠዋት መጡ። የራዴቤ ጎሳ ሰዎች ናቸው፤ ሦስቱም ጥቁር ኮት ለብሰዋል፤ መሪያቸው ነጭ ጢም ያላቸው ታታ ራዴቤ ናቸው፤ ታታ በእኛ አባት ማለት ነው። ከአጥሩ በር ውጭ ቆመው ስማቸውን ጠሩ። እኛም እንደ ወጉ አልሰማንም። ኖማካያ በጓሮ ማድቤት ናት። ፈዜካ መኝታ ክፍል አልጋ ላይ ተቀምጣ፣ "ሲሲ ካልመጣች አልወጣም፤ ብትፈልጉ ሂዱ በሏቸው" ትላለች። ነገሩ ሁሉ በዚህ ቆሟል። ኖማካያ ከመጣች እስር ቤት አለ፤ ካልመጣች ሠርግ የለም።

ሳጅኑ ይህን ጠብቋል። ሰው እንደሚሰበሰብ ሰምቷል። ቮልሷ ቆመችና እሱና አንድ ፊቱ የቀላ ለጋ ነጭ ፖሊስ ወረዱ፤ ማሊ ከኋላ ተከተለ። ሳጅኑ የዚያን ቀን ረጅም ሱሪ ለብሶ፣ ከረባት አስሮ፣ ባርኔጣ አድርጓል። ለፍርድ ቤት ምስክርነት የተዘጋጀ መሆኑን አሁን አውቃለሁ። እኔ ግን ዘልዬ አጥሩ ላይ ወጣሁ። ሰምቶኛል! ወግ ገብቶታል!

ወደ ግቢው ለመግባት በዚያች በር ማለፍ ነበረበት። በሯ ላይ ደግሞ ሦስቱ ሽማግሌዎች ተደርድረዋል። አጠገባቸው ደርሶ ቆመ።

ታታ ራዴቤ ቀስ ብለው ዞሩና ከራስ ጠጉሩ እስከ ጫማው አዩት። "ወንድሜ፣ አንተም ለዚህ ቤት ነው የመጣኸው?" አሉት። "እንግዲያው ከኋላችን ቁም። እኛ በማለዳ ነው የመጣነው።"

መንገዱ በሳቅ ተናጋ። ማድሎሞ ሰሌን ይዛ ሮጠችና እግሩ ሥር ዘረጋችለት። "ኧረ መጣ! ዛሬስ ሱሪ ታጥቋል!" ሌላዋ ብርድ ልብስ ትከሻው ላይ ልታደርግለት ስትታገል ወንዶቹ ባርኔጣቸውን አነሱለት። ለፈዜካ የተጠራው የሰፈሩ ፎቶ አንሺ ሦስት እግር ያለው ካሜራውን አዞረ። "ሙሽራው፣ ወዲህ ይበሉልኝ! ሽማግሌዎች፣ ጠጋ ጠጋ በሉለት!"

ለጋው ፖሊስ ፊቱን አዙሮ ከንፈሩን ሲነክስ አየሁት። ሳጅኑም አየው። እኔ እንደማስበው ያን ጊዜ የገባው ነገር አለ፤ ወደፊት አንድ እርምጃ ከሄደ፣ በሽማግሌዎች መሐል፣ ከረባት አስሮ፣ በጥቁር ሴት በር ላይ የተነሳው ፎቶ ሰኞ ከታጠበ አንሶላ ጋር አዛዡ ቤት ይገባል።

እኔ ደግሞ እሱን ላበረታታ ከአጥሩ ላይ ሆኜ በሙሉ ድምፄ ጮኽኩ። "አጎቴ! የጎሳዎን ስም ይጥሩ!"

"ይጥራ! ይጥራ!" አለ መንገዱ ሁሉ።

ባርኔጣውን ፊቱ ላይ ደፍቶ ዞረ። ሊሮጥ ምንም አልቀረው። ለጋው ተከተለው። ማሊ ግን ወደ መኪናው ከመግባቱ በፊት ለታታ ራዴቤ እጅ ነሳ። "ከጣቢያ ሰው ይዞ ይመለሳል" አላቸው በሹክሹክታ። "ፈጠን በሉ።" ቮልሷ አቧራውን እያስነሳች ሄደች።

አያቴ በሩን ራሷ ከፈተች።

ከዚህ በኋላ የሆነውን ሁሉ አስቀድሜ ልናገርና ልገላገል። አክስቴ የዚያን ቀን አልተያዘችም። ሳጅኑ ወደ ሌላ አውራጃ ተዛወረ፤ በቦታው ሌላ መጣ፤ እሱ ደግሞ ዘፈን የማይገባው ነበር። አምስቱ ዓመት ሲያልቅ ሌላ አምስት ጨመሩባት፤ ከዚያም ሌላ። ለፈዜካ ሠርግ ቤተ ክርስቲያን አልሄደችም። ሕጉ ሁሉ ከመሻሩ ጥቂት ዓመታት በፊት በእገዳ ላይ እንዳለች ሞተች፤ ይህን ሳስብ እስከ ዛሬ ደሜ ይፈላል። አሁን በስሟ ትምህርት ቤት አለ። ግድግዳው ላይ የሌሎች ታጋዮች ቃል ተጽፏል፤ የእሷ የለም። ቃሏን ማተም ወንጀል ነበርና ከየት ይገኛል? ርዕሰ መምህሩ ቤቴ ድረስ መጥቶ፣ "እማማ ሊንዴካ፣ ለተሰበሰበ ሰው የተናገረችውን ከሰሙት በሕይወት ያለሽው አንቺ ብቻ ነሽ ይሉኛል። ምን አለች?" አለኝ። ስነግረው ብዕሩን ይዞ ቀረ። ሌላ ትልቅ ነገር የጠበቀ መሰለኝ። ምን ላድርግ፤ ያለችው ይህን ነው።

ከጓሮ በኩል ገባች። የአስተማሪነት ዘመኗን ግራጫ ካፖርት ለብሳለች። ደፉ ላይ ስትደርስ ቆመች። ክፍሉ ጢም ብሏል፤ ሽማግሌዎቹ ተነስተው ቆመዋል፣ አጎቴ ዙኪሌ መስኮቱ ጋ ዘብ ነው፣ ማድሎሞና ሴቶቹ በርና መስኮቱን ሞልተውታል። አክስቴ ከአንዱ ፊት ወደ ሌላው ታያለች፤ ዓይኗ የት እንደሚያርፍ ጠፋው። ከዓመት በላይ እንግዳ ያየችው አንድ አንድ እያለ ነው። እንዲህ ያለ ፊት፣ ይህን ያህል ፊት በአንድ ጊዜ አላየችም ነበር።

ፈዜካ ከመኝታ ክፍል ወጥታ እግሯ ሥር ተንበረከከች።

"ይህችን ልጅ እኔ አሳድጌያታለሁ" አለች አክስቴ። ድምፅዋ መጀመሪያ ተቆራረጠ፤ ከዚያ ክፍል እንደምታስተምር ሁሉ ጠራ። "ሰጥቻችኋለሁ። ስትስቅ ልጃችሁ ናት። ስታለቅስ ግን የእኔ ናት፤ መልሱልኝ።"

እልልታው ጣሪያውን ሊያነሳው ደረሰ። ታታ ራዴቤ ባርኔጣቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው አንገታቸውን ደፉ።

"እየመጡ ነው!" አለ አጎቴ ዙኪሌ። "ሁለት መኪና! ቤተ ክርስቲያኑ ጋ ደርሰዋል!"

"ተናገርሽ፣ ጨረስሽ" አለች አያቴ ካፖርቷን እየጎተተች። "ውጪ! ወደ ማድቤት!"

"ቃሉን ነው የጨረስኩት" አለች አክስቴ። "ሰላምታ አልሰጠሁም እኮ።"

እጇን ለታታ ራዴቤ ዘረጋች። "ታታ፣ እንዴት ናችሁ? መንገዱ እንዴት ነበር? በእናንተ በኩል ዝናብ ጣለ?" መልሳቸውን እስከ መጨረሻው ሰማች። ወደ ሁለተኛው ሄደች፤ ወደ ሦስተኛው ሄደች። የሁሉንም እጅ በሁለት እጇ ትይዛለች። "ማድሎሞ፣ ጉልበትሽ ተሻለሽ?" "ትንሽ ይሻለኛል፣ እህቴ።" መስኮቱ ጋ ያሉት እጃቸውን አሾለኩላት፤ እነሱንም በየስማቸው እየጠራች ጨበጠች። አያቴ ታለቅሳለች፣ ትራገማለች። ዙኪሌ "ቦኖው ጋ ናቸው፣ ሲሲ!" ይላል። እሷ ግን አልቸኮለችም። አንድም ሰው አላለፈችም።

የመጨረሻዋ እኔ ነበርኩ። አጎንብሳ እጄን ያዘችኝ፣ ጠዋት ከአንድ ሳህን ገንፎ እንዳልበላን።

"አንቺስ ሊንዴካ፣ እንዴት ነሽ?"

"ደህና ነኝ አክስቴ። አንቺስ?"

ውጭ የመኪና በር ሲዘጋ ተሰማ።

"እኔማ" አለች ክፍሉን አንዴ ዞር ብላ እያየች፣ "ዛሬ ደህና ነኝ።" ከዚያ በጓሮ በር ወጥታ ወደ ማድቤቷ ሄደች።